አይዋሃዱ

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ዝናቡ ገባ። ሰው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሰቅሎ የረሳውን ካፖርት ዛሬ ጠዋት በአንዴ ያስታወሰ ይመስል ላውንደሪው ከበሩ እስከ መተኮሻው ድረስ በወረፋ ተጨናንቆ ዋለ። እኔ ተቀባይ ነኝ። ልብሱ ላይ ቁጥር አስራለሁ፤ ታጥቦ ሲወጣ ቁጥሩን አይቼ ለባለቤቱ አስረክባለሁ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የአንዱን ሰው ልብስ ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም።

ቤት ስገባ ሁለተኛው ሥራዬ ይጠብቀኛል። ደመወዝ የለውም፣ አለቃ የለውም፣ ንትርክ ግን ሞልቷል። የዘር ሐረግ ድረ ገጻችን ማለቴ ነው። ማንም ሰው በነጻ ገብቶ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ገጽ ይከፍታል፤ እኛ በጎ ፈቃደኞቹ ደግሞ እናስተካክላለን። ሐሳቡ ሁላችንም በአንድ ዛፍ ላይ እንድንገናኝ ነው። ችግሩ፣ ለአንድ ሟች አምስት የልጅ ልጆች አምስት ገጽ ይከፍቱለታል። የእኔ ድርሻ እነዚህን ማዋሃድ ነው። ሁለቱ ገጾች የአንድ ሰው መሆናቸውን ካረጋገጥኩ አንድ አደርጋቸዋለሁ። የሞክሼዎች ከሆኑ ግን «አይዋሃዱ» የሚል ምልክት አደርግባቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካቸውም።

ስንት ሰዓት ከሰው ስም ጋር ስታገል ስለምቆይ በዚህ ደብተር የማንንም ስም አልጽፍም። እዚህ ሰው በሥራው ወይም በዝምድናው ይጠራል። እረፍት ነው።

ዛሬ አንድ ጸጉር ቆራጭ ጻፈልኝ። የሚኖረው ትልቁ ድልድይ ባለበት፣ በድልድዩ ከተማ ነው፤ ከእኛ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ። የእናቱ አባትና የእኔ አያት አንድ ሰው ናቸው ይላል። ስማቸው አንድ፣ የአባታቸው ስም አንድ፣ ሁለቱም የጭነት መኪና ሹፌር። «እናቴ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው» ይላል። «አባቷ በሌላ ከተማ ወንድ ልጅ እንዳለው ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰማለች። ወንድሜ በሕይወት ካለ ሳልሞት ድምፁን ልስማ ነው የምትለው። እባክዎ እህቴ፣ ይመልከቱልኝ።»

ሞክሼ ሞልቷል። አየዋለሁ።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

አየሁት። አንድ አይደሉም። እሱ የጻፈው የትውልድ ዓመት ከእኛው በሦስት ዓመት ይለያል። ደግሞም የኛ አያት አንድ ሚስት ነበረችው፣ አንድ ልጅ ወለደ፣ እሱም አባባ ነው። «አይዋሃዱ» አደረግኩበት። ምክንያት በሚለው ቦታ «የተለያዩ ሰዎች ናቸው» ብዬ ሞላሁ።

በገዛ ቤተሰብ ላይ ምልክት ማድረግ አይፈቀድም፤ ጉዳዩ ለሌላ ሰው ይመራል። ደንቡን ያረቀቅኩት ራሴ ነኝ። ይሄኛው ግን የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም። ሰውየው ዘመዳችን አይደለማ።

ባለፈው ሳምንት የአምስት ዓመት ልዩነት ያላቸውን ሁለት ገጾች አዋህጄ ነበር። ያ ሌላ ነው።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ሥራ በሥራ ላይ። መተኮሻው ተበላሽቶ ግማሽ ቀን ቆምን። አንዷ ደንበኛ «ይሄ ካፖርት የኔ አይደለም!» ብላ ሰው ሰበሰበችብኝ። የራሷ ነው። ንጹሕ ሆኖ አይታው ስለማታውቅ ነው።

ጸጉር ቆራጩ እንደገና ጻፈ። አላነበብኩትም።

እሺ፣ አንብቤዋለሁ። ፎቶ እልካለሁ ይላል።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ፎቶው መጣ። አንድ ሰው ከጭነት መኪና ፊት ቆሟል። ፊቱ ላይ የኮፍያው ጥላ ስላረፈበት ማንም ሊሆን ይችላል። አንድ እጁን በጀርባው አዙሮ የሌላኛውን እጅ ክርን ይዟል። እንዲህ የሚቆም ሰው ሞልቷል። ሳሎን የተሰቀለው የኛ አያት ፎቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተነሳው ነው፤ ስለዚህ ማነጻጸር አይቻልም።

ወጥ ቤት ስገባ አባባ ውሃ ጥዶ እስኪፈላ ቆሞ ይጠብቃል። እጁን በጀርባው አዙሮ፣ ክርኑን ይዞ።

«ምን ይገትርሃል? ተቀመጥ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

ክው አለ። «ሊፈላ ነው ብዬ ነው ልጄ» አለኝ።

ለምን እንደጮህኩ አላውቅም። ድካም ነው።

ሰኔ 16፣ እሁድ

ታናሽ እህቴ መጥታ ዋለች። ዕቃ ስናጥብ ስለ ጸጉር ቆራጩ ሹክ አልኳት። እንደኔ ትናደዳለች ብዬ ነበር።

«እና ቢሆንስ?» አለችኝ።

«ምኑ ነው የሚሆነው?»

«እትዬ፣ ሰውየው ሹፌር ነው እኮ! በወር አንድ ሳምንት ነበር ቤት የሚያድረው ስትሉ አይደል ያሳደጋችሁኝ? ሌላውን ጊዜ የት ያድር ነበር? ጎማው ሥር?»

«ቀስ በይ፣ አባባ ይሰማል። ልቡን እንደሚያመው ታውቂያለሽ፤ ሐኪሙ አታስደንግጡት ብሏል።»

«እስካሁን የደነገጥሽው አንቺ ነሽ» አለች። ይቺ ልጅ ድሮም አፏ አያርፍም።

ከምሳ በኋላ አባባ እንደ ልማዱ ስለ አባቱ አወራ። መኪናው ከመንገዱ ጫፍ ጡሩምባ ሲነፋ እሱ በባዶ እግሩ ይወጣል፤ አያቴ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ጌጤ! የኔ ጌጥ!» ይለዋል።

«በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም» አለ አባባ። «ጌጤ ነው ሁልጊዜ። ከእኔ ሌላ ጌጤ አልነበረውም።»

መቶ ጊዜ ሰምተነዋል። መቶ ጊዜም ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ቁጭ አድርጌ ስለ ሌላ ቤት የምነግረው?

እህቴን ልሸኝ ስነሳ «ያ ድረ ገጻችሁ ላይ የድልድዩ ከተማ ሰዎችም ይገባሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሁሉም ይገባል። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ጸጉር ቆራጩ፦ «እናቴ ይህን ጻፍላቸው አለችኝ። አባቷ በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ ጌጤ ነበር የሚላት።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

ጌጤ ያልተባለ ልጅ የት አለ? ወላጅ ሁሉ ልጁን ጌጤ ይላል። ይሄ ማስረጃ አይባልም። ሌላ ሰው ይህን ይዞ ቢመጣ ስቄ እመልሰው ነበር።

ለእህቴ አልነገርኳትም። ከሰዓት በኋላ የአንዱን ሰው ሱሪ ለሌላ ሰው ሰጥቼ በስንት ልመና አስመለስኩ።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ነርሷ ደወለች። ከበጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ የምቀርበው እሷን ነው፤ እሷም እንደኔ ታዋህዳለች፣ ከሆስፒታል ተረኝነቷ ስትወጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ግን እንዳትቆጪ።»

«ለምን እቆጣለሁ?» አልኩ፣ ተቆጥቼ።

«አንድ ጸጉር ቆራጭ ለኔም ጻፈልኝ። አንቺን አልከሰሰም፤ እንዲያውም ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል ነው የሚለው። ምልክቱን ማን እንዳደረገ ገብቼ አየሁ። በገዛ አያትሽ ገጽ ላይ?»

«ማስረጃ የለውም።»

«አለው የለውም የምንለው እኛ ነን እንጂ አንቺ አይደለሽም። ደንቡን ማን ነው ያመጣው?»

«ድምፅሽ ይቆራረጣል» ብዬ ዘጋሁት። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

በምሽቱ የጋራ ስብሰባችን ላይ አንዱ ማይኩን መዝጋት ረስቶ «ሌላ ሰው አድርጎት ቢሆን እስካሁን አገር ይያዝልኝ ብላ ነበር» ሲል ሰማሁት። ማንም አልሳቀም። ዘግቼ ወጣሁ።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

የጸጉር ቆራጩ መልእክት ረዘም ይላል፤ ደንበኛ ጠፍቶበት ይሆናል። እዚህ እገለብጠዋለሁ።

«እናቴ ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ጥግ ወንበሯ ላይ ትሰየምና ሰው ስታስቅ ትውላለች። አሁን አሁንማ የሚመጣው ጸጉር ሊቆረጥ ሳይሆን እሷን ሊሰማ ነው። ትናንት የአንዱን ግማሽ ጢም ላጭቼለት በሳቅ ሲንፈራፈር ለትንሽ ጆሮውን አተረፍኩለት። ማታ በሩን ስዘጋ ግን ጥያቄዋ አንድ ነው፤ መለሱልህ? ትለኛለች።»

በሳቅ ፈረስኩ። አባባ ከሳሎን «ምን ተገኘ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ስታወራ ብሰማት ደስ ይለኝ ነበር። ባዳም ብትሆን ማለቴ ነው።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

መልስ ጻፍኩ፤ አጠፋሁ። «ጉዳዩን እያየሁት ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም አጠፋሁ።

ለአባባ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። የሱ ልብ ይህን አይችልም።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በአያቴ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የከፈትኩት ገጽ የሱ ነበር፤ «ታማኝ ባል፣ የአንድ ልጅ አባት» ብዬ ጀምሬ ስንት ምሽት አሳመርኩት። ለአዲስ ገቢዎች ገጽ እንዲህ ይጻፋል እየተባለ እስካሁን የሚታየው እሱ ነው። ሴት አያቴ ጡሩምባውን ለመስማት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስትሰፋ እንደምትውል ሳይቀር አስገብቻለሁ። አሁን ምን ልበላቸው? ያቺ ሴት መስኮቱ ሥር ስትቀመጥ እሱ የት ነበር ልበል?

ለአባባ ብዬ ነው።

ሐምሌ 14፣ እሁድ

«እናቴ ትናንት ጠዋት ሱቅ ውስጥ ወደቀች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ሆስፒታል ነን። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፣ አፏም ተይዟል፤ ብንጠራት አትመልስም። ስለዚህ ያን የጠየቅኩዎትን ጉዳይ ይተዉት። ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይቅርታ ይለኛል። እኔን።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ነርሷ ላውንደሪ ድረስ መጣች። የሚታጠብ ነገር አልያዘችም። ወረፋውን ጠብቃ ተራዋ ሲደርስ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«መናገር ባትችልም ልትሰማ ትችላለች። ብዙዎቹ ይሰማሉ። እስከ መቼ እንደምትቆይ ግን ማንም አያውቅም።»

ከኋላዋ የቆሙት ሁሉ ጆሯቸውን ቀስረዋል። አንዱ ሰውዬ ኧረ ካፖርቴን እንኳ ሳይል ቆሞ ያዳምጣል።

«ምልክቱን አንሺ» አለችኝ። «ካላነሳሽ እኔ አነሳዋለሁ። ሳትሰሚ እንዳደርገው ስላልፈለግኩ ነው የመጣሁት።»

«አባባ ከኔ አፍ ይስማ። እስከ ቅዳሜ ስጪኝ።»

«ቅዳሜ» ብላ ወጣች። ዝናብ ላይ ነው የወጣችው፤ ጃንጥላ እንኳ አልሰጠኋትም።

አሁን ቤት ነኝ፤ አባባ ከወዲያ ክፍል ሬዲዮ ያዳምጣል። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት የሱን ልብ አይደለም። የፈራሁት ለራሴ ነው። አያቴ የሰው አያት እንዲሆን አልፈለግኩም። ይኸው ጻፍኩት።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ጠዋት መድኃኒቱን እስኪውጥ ጠብቄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ልቡ ቢነሳበት ብዬ ነርሷን ከስልክ እንዳትርቂ ብያታለሁ። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩበት፦ አንድ ጸጉር ቆራጭ አለ፣ ከድልድዩ ከተማ ነው፣ እናት አለችው፣ አባቷ ሹፌር ነበር፣ አሁን ታማለች። ጌጤ የሚለውን ብቻ ትቼው። እሱን ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «አለች?» አለኝ። «ልጅቷ በሕይወት አለች?»

«ታውቃለህ እንዴ?»

«አንድ ጊዜ በመኪናው ወስዶኝ ነበር። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ድልድዩን ተሻግረን አንድ ቤት ገባን። አንዲት ልጅ በጣሳ ውሃ ሰጠችኝ፤ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች። አባቴ ቀኑን ሙሉ እኔንም እሷንም አልጠራም። አፉን ይዞ ዋለ። ያን ሁሉ ጨዋታ የት እንዳደረገው እንጃ። ስንመለስ ጫማ ገዛልኝና ለእናትህ እንዳትነግር አለኝ። አልነገርኳትም። እስክትሞት አልነገርኳትም።»

«ለእኛስ?»

«ለናንተ? አንቺ አያቴ፣ አያቴ እያልሽ፣ ያን የመሰለ ነገር ጽፈሽለት! ላሳዝንሽ ነው? እሷንስ የት ብዬ ልፈልጋት፣ ስሟን እንኳ አላውቅ።» መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ጠረገ። «ያን ሥራ ስትጀምሪ፣ ይቺ ልጅ አንድ ቀን ታገኛታለች አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

ለነርሷ «ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩላት። የሱ ልብ ምንም አልሆነ። እየደለቀ የነበረው የኔ ነው።

ሐምሌ 21፣ እሁድ

አባባ ጢሙን ተላጭቶ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሳሎን ተቀመጠ።

«ቤት ውስጥ ነህ እኮ፣ አውልቀው» አለችው እህቴ።

«ታየኛለች አይደል?» አላት።

ጸጉር ቆራጩ በቪዲዮ ደወለ። ራሰ በራ ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን እህቴ ይህን ሳትናገርበት አታልፍም ነበር። «አጎቴ ልበልዎት?» አለ። «በለኝ» አለው አባባ። ስልኩ ወደ አልጋው ዞረ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች።

«እማዬ፣ ወንድምሽ ነው። ተገኘ።»

ምንም የለም። «እዚህ ከገባች ወዲህ ለማንም አልመለሰችም» አለ ልጇ።

አባባ ስሙን ነገራት። ውሃ የሰጠሽኝ ልጅ ነኝ አላት፣ በጣሳ፣ አባታችን ይዞኝ መጥቶ አላት። ምንም። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወስዶ አፉ ድረስ አስጠጋው፤ ማን እንደሆነ የሚያስረዳለት የቀረው ነገር ያ ብቻ ነበር።

«ጌጤ!» አለ ጮክ ብሎ። «ጌጤ ነኝ!»

ዓይኗን ገለጠች።

«አቤት» አለች።

በግማሽ አፏ ነው የተናገረችው፣ ተጎትቶ። ግን አቤት ነው፤ ከጓሮ የጠሯት ልጅ እንደምትለው ዓይነት። ከስልኩ ወዲያ ጸጉር ቆራጩ ሲያለቅስ ይሰማኛል።

አባባ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ማለቷ ነው?»

«እሷንም ጌጤ ነበር የሚላት አባባ።»

ቅር አለው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ያን ሁሉ ዘመን ብቻዬን ነው ያለኝ ብሎ የያዘው ስም ነው። እህቴ እጁን ልትይዘው ስትል ገለል አደረጋት። ከዚያ እንደገና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና፣ አሁን ራሱን ሳይሆን እሷን ጠራት።

«ጌጤ።»

«አቤት።»

ሐምሌ 28፣ እሁድ

ምልክቱን አነሳሁ። ማዋሃዱን ነርሷ ሠራችው፤ ደንብ ደንብ ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ «ሁለቱ ልጆች ተነጋግረዋል» ብላ ሞላች። ለጸጉር ቆራጩ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ምልክቱን ያደረግኩት እኔ መሆኔንም ነገርኩት። «አውቄዋለሁ እህቴ፤ ስምዎ አጠገቡ ነበር» ብሎ መለሰልኝ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም።

አሁን የአያቴ ገጽ «የሁለት ልጆች አባት» ይላል። «ታማኝ ባል» የሚለውን ምን እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አጠፋሁት።

አባባ ጠዋት ጠዋት ያስደውለኛል። ጌጤ ይላታል፣ አቤት ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም። እሱ ግን ያወራላታል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ጡሩምባው። በዚህ ሳምንት መጨረሻ እህቴ በመኪና ትወስደዋለች። ካፖርቱን አጥቤ ራሴ ተኩሼለታለሁ።

ዛሬ ቁርስ ላይ ከልጇ ጋር ያወራውን እየነገረኝ ነበር፤ ሱቁን በሳቅ ታደምቀው እንደነበር፣ ደንበኛው ሁሉ እየመጣ እንደሚጠይቃት።

«ምናለ ትንሽ ቀደም ብለሽ ባገኘሻት» አለኝ። «ስታወራ እሰማት ነበር።»

በክፋት አልነበረም። ራሴን ነቅንቄ ሻዩን ብቀዳለት ያልፍ ነበር።

«እኔ አይደለሁም ያገኘኋት» አልኩት። «እነሱ ናቸው ያገኙን። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጻፉልኝ፤ ያን ጊዜ ታወራ ነበር። ይዤ ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

አየኝ። ከዚያ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ እጁን በጀርባው አዙሮ ክርኑን ይዞ ቆመ። ውጭ እያባራ ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህ ደስ ባለኝ።

«ደውይልኝ» አለ ሳይዞር። «ይሄን ጊዜ ነው የምትነቃው።»

ደወልኩለት።